ቃሏ ይበቃል

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ኢፍቱ ዛሬም የስፌት ማሽኗን አቁማ እየሮጠች ወጣች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ሱፐርቫይዘራችን "ሙቀቱ ነው" ብላ ውኃ ሰጠቻት። ድሬ በግንቦት ማንንም ያዞራል፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ነው የምኖረው። ሙቀት እንዳልሆነ ካወቅኩ ሰንብቻለሁ።

ከሰርቪስ ወርደን ወደ መጋላ ስንሻገር ደረቁ ወንዝ ጋ ያዝኳት። "ንገሪኝ" አልኳት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ወጣላት። እኔ ጋ ከመግባቷ በፊት፣ ከጭሮ እንደመጣች፣ ቤት እፈልግልሻለሁ ያላት ደላላ ነው። ባዶ ክፍል ሊያሳያት ወስዶ በሩን ከውስጥ ዘጋባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለማንም አልተናገረችም።

ከቦርሳዋ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ ጥቁር ውኃ። ከአንዲት ሴትዮ ነው የገዛችው። "ነገ እጠጣዋለሁ፣ ያልቃል" አለች።

እኔ እኮ ውርጃ ሲባል የማማትብ ሰው ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን እሁድ ቅዳሴ አይታለፍም። ጠርሙሷን ሳይ ግን ስለ ኃጢአት አላሰብኩም። ትሞትብኛለች ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ለምኜ ተቀበልኳት። ለዛሬ ይሄ ይበቃኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጠርሙሷን ለሲስተር ሐሊማ ወሰድኩላት። አከራያችን ናት፤ ሆስፒታል በነርስነት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። መጀመሪያ ሰሞን "እርስዎ" ስላት፣ "ድሬ አይደለሽ እንዴ አቦ! አንቺ በዪኝ" ብላ ስቃብኛለች። ዛሬ አልሳቀችም። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ሄዳ ቦይ ውስጥ ደፋችው።

"ጠጥታለች?"

"አልጠጣችም።"

"አልሐምዱሊላህ።" ተቀመጠች። ባዶውን ጠርሙስ ደጋግማ ከደነችው። ከዚህ በፊት እሷ ስትፈራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ስለ ድሮው አወራችኝ። በንጉሡ ጊዜ በወጣው ሕግ የሴትየዋ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ካልወደቀ ማስወረድ ክልክል ነበር። ሲፈቀድም ሁለተኛ ሐኪም መስማማት ነበረበት። "ሁለት ሐኪም ከየት ይመጣል? አንዱም ብርቅ ነበር!" ስለዚህ ሴቶቹ እቤት ያደርጉታል። ሽቦ፣ ቅጠል፣ ያገኙትን። ከዚያ ደም እያፈሰሱ፣ በትኩሳት እየነደዱ ይመጣሉ። አንድ ክፍል ሙሉ ነበሩ አለችኝ፤ አንዳንዴ አንድ አልጋ ላይ ሁለት።

አንዷን አልረሳችም። ባለትዳር ናት። ሲስተር "ምን ወሰድሽ? ንገሪኝ፣ እንድናክምሽ" ትላታለች፤ ሴትዮዋ "ከደረጃ ወድቄ ነው" ትላለች። ፖሊስ ይመጣብኛል ብላ ፈርታ ነው። እስከ መጨረሻው ከደረጃ ወድቄ ነው እንዳለች ሞተች። ስሟን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

"እንደዚህ ስንት ሞቱ?" አልኳት።

"ማን ቆጥሯቸው! ሆስፒታል የሞተችው ደም ፈሷት፣ ኢንፌክሽን ገድሏት ይባላል። እቤቷ የሞተችው ደግሞ ሆዷን አሟት ተብላ ትቀበራለች።"

ሕጉ የተሻሻለው በ1997 ነው። የማህፀን ሐኪሞችና ሴት ጠበቆች ተከራከሩ፣ ቄሱም ሸኹም ተቃወመ፣ መጨረሻው መሀል ላይ ሆነ። ዛሬም ወንጀል ነው። ግን የተደፈረች፣ ከሥጋ ዘመዷ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ የሚያሰጋ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ችግር ያለበት፣ በልጅነት ወይም በጉዳት ምክንያት ማሳደግ የማትችል፣ እነዚህ በሕክምና ቦታ ቢደረግላቸው አይቀጡም።

"ቀረ ታዲያ?"

"ማስወረዱማ የት ይቀራል። ያ ክፍል ግን እያየሁት እየሳሳ ሄደ። ጡረታ ስወጣ ሌላ ሕመምተኛ ነበር የሚተኛበት።" ወደ ቦዩ አየች። "ሁሉም ጋ አልደረሰም እንጂ። ይኸው ጠርሙሱ።"

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ጠዋት ኢፍቱን ጠየቅኳት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነበር፤ እኔ ከሲስተር ጋር ስሯሯጥ የእሷን ሐሳብ አልሰማሁም። "ብትወልጂውም አብሬሽ ነኝ፣ ባትወልጂም አብሬሽ ነኝ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ልጁ ላይ የሱን ፊት በየቀኑ ማየት አልችልም" አለች። "አልፈልግም።"

በቃ።

ፈረቃ ተለዋውጠን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሰልፉ ላይ ሆኜ ሕጉን በስልኬ ከፍቼ አነበብኩት። አንቀጽ አምስት መቶ ሃምሳ አንድ። ቀጥሎ አምስት መቶ ሃምሳ ሁለት። እሱ ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት፦ በመደፈር ማርገዟን ለማስረዳት የሴትየዋ ቃል ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለ ሕግ አገራችን ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተቀበለን ወጣት ነርስ ነው። ጉዳዩን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የፖሊስ ወረቀት አላችሁ?"

"ሕጉ አይጠይቅም፣ ወንድሜ።" ስልኬን አዞርኩለት።

ሳያነብ መለሰልኝ። "አውቀዋለሁ እህቴ። እኔ አልሠራም። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።"

መጮህ አማረኝ። ኢፍቱ ግን ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ወለሉን ታያለች፤ ብጮህ ተነስታ ነው የምትወጣው። "የአንተ ሃይማኖት የእኔም ነው" አልኩት። "አትሥራ፣ አልፈርድብህም። የሚሠራው የት እንዳለ ግን ንገረን። ከዚህ በባዶ እጅ ብመልሳት ወደ ጠርሙሱ ነው የምትሄደው።"

ስለ ጠርሙሱ ነገርኩት። ስልኩን አንስቶ አንድ ክሊኒክ ደወለ። "ሁለት ሴቶች ልኬያለሁ፣ ሳታመላልሷቸው ተቀበሏቸው" ሲል ሰማሁት። በር ድረስ ሸኝቶን ባጃጅ ራሱ አስቆመልን። ፊቱን ላለማየት ነበር የምሞክረው፤ ሳየው ግን ከእኔ ያልተናነሰ ተጨንቋል።

ክሊኒኩ ለነገ ቀጠረን።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አዋላጇ ጠና ያለች ሴት ናት። በመጀመሪያ እኔን ከክፍሉ አስወጣችኝ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ኢፍቱ ስትነግረኝ ተረዳሁ፦ ለብቻዋ፣ በኦሮምኛ፣ "ይቺ ሴት ናት ያመጣችሽ? ገፋፍታሽ ነው ወይስ ራስሽ ወስነሽ? ማሰብ ከፈለግሽ ሄደሽ አስቢ" ብላታለች። ኢፍቱ የደረሰባትን ተናገረች። አዋላጇ ወረቀት አምጪ አላለቻትም።

ውጭ ሆኜ ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅኩም። "አንተ ታውቃለህ" ብቻ አልኩ፣ ደጋግሜ።

አለቀ። ደህና ናት። በባጃጅ ስንመለስ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች፤ ታይዋን ገበያ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን፤ አልነቃችም።

ሲስተር ሾርባ ሠርታ ጠበቀችን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ትናንት ለብቻዬ ሥራ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ክር በጠስኩ።

ኢፍቱ ትናንት ስታለቅስ ዋለች፤ ዛሬ ቆመ። ሆዷን ትንሽ ያማታል፤ አዋላጇ ይህ ያለ ነው ብላለች፣ የሚያሳስብ ምልክት ካየን ቶሎ እንድንመጣ ነግራናለች። አላየንም።

ከሰዓት ሲስተርን እንደ እናት ጠርታ ጠየቀቻት። "አዴ፣ አላህ ይቆጣኛል?"

እኔ ወደ ሲስተር ዞርኩ።

"እኔ ሸኽ አይደለሁም ልጄ" አለች ሲስተር። "ነርስ ነኝ። ስንቷን ከፍኛለሁ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። አብሽሪ።"

ኢፍቱ ፈገግ አላለችም። ግን የቀረበላትን በላች። ሁሉንም።

ማምሻውን ሲስተርን አንድ ነገር አማከርኳት፦ ሰውየው። መጋላ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከየገጠሩ ለሚመጡት ቤት ያሳያል። ሕጉ ለሕክምናው ክስ አልጠየቃትም። እሱ ግን ነገ ለሌላዋ በር ይዘጋል። ሲስተር፦ "እውነትሽን ነው። ግን የምትከሰው አንቺ አይደለሽም፣ እሷ ናት። አትጎትቻት።"

አልጎትታትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አልጎተትኳትም። ትናንት ራሷ አነሳችው፤ ዛሬ ራሷ ቀድማ ለበሰች።

ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ገባን። መርማሪዋ ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ ላቡ ይወርዳል፣ ማራገቢያው አይሠራም። "ማናችሁ ናችሁ ከሳሽ?" አለች።

ኢፍቱ ትፈራለች ብዬ መንገዱን ሁሉ ንግግሩን እያዘጋጀሁ ነበር የመጣሁት። ልናገርላት አፌን ስከፍት እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

"እኔ ነኝ" አለች። "በኦሮምኛ ልንገርሽ? በሱ አልሳሳትም።"

መርማሪዋ በኦሮምኛ "ቀጥዪ" አለቻት።

ተናገረች። ስሙን፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሩ ምን ቀለም እንደነበር፣ ምን እንዳላት፣ ስንት ጊዜ አይሆንም እንዳለችው። ድምጿ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ። ውኃ ጠጥታ ቀጠለች። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ይያዝ አይያዝ አላውቅም። መርማሪዋም ቃል አልገባችም፤ "እንጠራችኋለን" ብቻ ነው ያለችው። ደላላው ብዙ ዘመድ አለው። መክሰሷንም አንድ ሰው ዛሬውኑ ሳይነግረው አይቀርም። ስመለስ ግቢው በር ላይ አዲስ ቁልፍ እንዲገባ ለሲስተር ነገርኳት።

ከጣቢያው ስንወጣ ፀሐዩ ይጠብሳል። ኢፍቱ ቀድማኝ ትሄዳለች። መንገድ ልታቋርጥ ስትል ዞር ብላ "ትዕግሥት፣ ነይ እንጂ፣ ፈረቃችን ያልፈናል!" ብላ ጮኸችብኝ። ሮጬ ደረስኩባት።