የአያትሽ የብረት ቆብ ከቤት አይወጣም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለየትናየት፤ ማጂ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ከሞተሩ ስትወድቂ የተላጠው ቁስል ጠግጎ እንደሆነ፣ ዳገት ስትወጪም የሚያምሽ እንደሆነ ለይተሽ ጻፊልኝ፤ «ደኅና ነኝ» ብቻ አይበቃኝም። እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ የአገሬ ወገብ ተሽሏታል። ገብሱም ታጭዶ ተከምሯል።

ክትባት ይዘሽ የምትዞሪበት መንገድ ድንጋያማ ነውና የአያትሽን የአረጋን የኮሪያ ዘመቻ የብረት ቆብ ላኩልኝ ብለሻል። «ጥይት የመለሰ ብረት ለሞተር አያንስም» ያልሽውን ሳነብ ወንድምሽ ንጋት አጨበጨበ። አልወቅስሽም። ከዚህ ቤት ርቆ የሚሄድ ሁሉ ቆቡን ግንባሩን አስነክቶ እንዲወጣ ያስለመድን እኛ ነን። ወደ ማጂ ስትሄጂም ያስነካሁሽ እኔው ነኝ።

ሆኖም ሳልመረምር አልልክም ብዬ አወረድኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰበሰብኳቸው የጦር ቆቦች ከእሱ ጋር አራት ደርሰዋል። ከኮን ከተማ ያመጣሁት የጣሊያን ቆብ የዶሮ ውኃ መጠጫ ነበር። የሙጃዋ ነሲባ የሰጠችኝ ደግሞ የምስር መስፈሪያዋ ነበር፤ «መምህር፣ እህል መስፈር ይሻለዋል፤ የባለቤቱን ጭንቅላትማ መች ጠበቀ» ብላ ሳቀችብኝ። የጣሊያኑ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ሦስት ትንንሽ የአየር ቀዳዳ አለው። የአያትሽ ግን ሁለት ክፍል ነበረው፤ ከላይ ብረቱ፣ ከውስጥ ደግሞ ራስን ከብረቱ የሚያርቅ ገበር። ገበሩ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ሁሉም በዋናነት የተሠሩት ከፈንጂ ለሚበተን ፍንጣሪ ነው፤ በቅርብ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ይበሳቸዋል።

ከዚያ ፈተንኩት። ውኃ የሞሉ ሦስት ቅሎችን በየተራ ቆቡን አልብሼ ከካቡ ላይ ጣልኩ። ሦስቱም ተሰነጠቁ፤ ብረቱን ግን ምንም አልነካውም። ብረቱ ደኅና መሆኑ ለውስጡ እንደማይበጅ በዚህ ተረዳሁ።

አያትሽ እማማ ደብሪቱ ቅላቸውን ስፈጅባቸው ያዩኝ ነበር። ጥይት መታው የምንለውን ጎድጓዳ እያሳየሁ፣ እንዲህ ጎድጉዶ እንዴት ሳይበሳ ቀረ ስላቸው፣ «የቱ ጥይት? እሱማ የበቅሎዋ እርግጫ ነው» አሉኝ። አባቴ ከሙጃ ገበያ ሲመለሱ ቆቡ ከጭነቱ ወድቆ በቅሎዋ ደንብራ ረግጣዋለች። እኛ ልጆቹ ጥይት ነው ስንል ሰምተው፣ ስቀው ተዉን። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «ማስረጃህ ምንድን ነው?» እያልኩ የራሴን ቤት ሳልጠይቅ ኖርኩ።

እማማ ግን አልሳቁም። «አባትህ የዳነው አንገቱን ደፍቶ ነው። ብረቱን አምኖ ቀና ያለው ጓደኛው እዚያው ቀረ። ይህንን ጻፍላት» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ስለዚህ ቆቡ ከቤት አይወጣም። በምትኩ ከደሴ አዲስ የሞተር ሄልሜት አስመጥቼ፣ በነገርሽኝ የራስ ልክ፣ በሾፌሩ በሙሐዲን እጅ ልኬልሻለሁ። ውስጡ ያለው ፎም ስትወድቂ እሱ ተጨፍልቆ ራስሽን ያተርፋል። እማማ ከነጠላቸው ቀደው ሊደርቡበት ሲሉ ልኩ ይበላሻል ብዬ ከለከልኳቸው፤ ተቆጥተው ቁራጩን ሄልሜቱ ካለበት ከረጢት ላይ ቋጠሩት። ማሰሪያውን ለአጭር መንገድም ቢሆን እሰሪ። ቁልቁለት ላይ ቀስ በይ፤ ሄልሜትም ልክ አለው። አንድ ጊዜ ከወደቅሽበት ደኅና ቢመስልም ዳግመኛ አታድርጊው።

እማማ ደብሪቱ በማርያም ስም ይመርቁሻል። እናትሽ ዓይንሽን ትስማለች፤ በሶ ከሄልሜቱ ጋር አለልሽ። ንጋት ለገና ስትመጪ ሞተር አስተምሪኝ ይላል፤ እኔ አልፈቀድኩም። ነሲባም ሰላም ብላሻለች።

ቆቦቹን በየመስመሩ በጻፍኩበት መዝገቤ ላይ በአያትሽ ቆብ አንጻር «የበቅሎ እርግጫ» ብዬ አርሜአለሁ። አምስተኛውን መስመር ለአንቺ ሄልሜት ትቼዋለሁ፤ የተጎዳ ከሆነ አምጪልኝና እጽፈዋለሁ። ልጄ፣ ያ መስመር ባዶውን ይኑርልኝ።

አባትሽ ሀብተ ሥላሴ አረጋ
ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.