በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተተወው ቦታ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ገጹ የለም። ሦስት ጊዜ ገለጥሁ። ስለ መጻሕፍት ይጻፍበት በነበረው የጋዜጣው ሰባተኛ ገጽ ላይ አራት የእንኳን ደስ አለዎ ማስታወቂያ ተደርድሯል። አንዱ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ አንዴ በኮት፣ አንዴ ያለ ኮት።

ሰይድን ጠየቅሁት። ጋዜጣውን ለፍኖተ ሰላም የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ እኔም ሰኞ ሰኞ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። «ረስተውት ይሆናል» አለ።

«ገጽ ይረሳል?»

«እኔ እንጃ እትየ፤ ስምንት ገጽ ነበር፣ ስምንት ገጽ መጥቷል።»

በዓመት ውስጥ በዚያ ገጽ የተነገረላቸውን ከትዝታዬ ልጻፍ፦ አንድ ስለ ንብ እርባታ፣ ሁለት የግጥም፣ የማንኩሳው ቄስ ያሳተሙት የደብር ታሪክ፣ አንድ የልጆች ተረት፣ አራት ልቦለድ። ከግማሽ በላዩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ከሥሩ «ዘ.» ብቻ ብዬ እፈርማለሁ። ስምን ከፍ አድርጎ መጻፍ ነውር ነው ተብለን ነው የተማርነው።

የሚያቃጥለኝ ግን ያልወጣው ነው። ሐምሌ ላይ ጥሩወርቅ የምትባል የጅጋ ሴት የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፏን «ለዘ.» ብላ በሚኒባስ ሹፌር ወደ ሰይድ ሱቅ ላከችልኝ። አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። ጽሑፌን ነሐሴ ላይ ጨርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በአንዱ ታሪክ ሁለት የተጣሉ ሴቶች ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይታረቃሉ። አይታመንም ብዬ በእርሳስ ጻፍሁበት። ከዚያ ያንን በወጉ የምገልጽበትን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ስሰርዝ ሦስት ወር ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለአዘጋጁ ደብዳቤ። አምስት ጊዜ ጻፍሁት። የመጀመሪያው ቁጣ ነበር። ሁለተኛው ልመና። ሦስተኛው ላይ «ኅብረተሰቡ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ገባ፤ ቀደድሁት። አራተኛው ላይ ቀለም ፈሰሰ።

አምስተኛውን ለሰይድ አነበብሁለት። ዐይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ብቻ ሲያነቡት ለአርጩሜ እጃቸውን የሚዘረጉ ይመስለኛል።»

«አንተን አስተምሬህ አላውቅም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

በፖስታ ልልከው ነበር፤ ተውሁት። መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። ነገ ቡሬ ራሴ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ቡሬ ደርሶ መልስ። ጉልበቴ አብጧል።

አዘጋጁ ዮናስ ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ሁለት አቃፊ አመጣ። አንደኛው ስለ ኳስ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ከመሙላቱ የተነሣ አይዘጋም። ሁለተኛው ስለ መጻሕፍት ገጽ የመጣ። ባዶ።

«እማማ፣ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልጻፈም። ጥሩ ነው ያለ የለም፣ መጥፎ ነው ያለ የለም። ወረቀት ተወድዷል። ከአለቆቼ ጋር ማንን ይዤ ልከራከር?»

«የሚያነብ ሁሉ ይጽፋል?»

«ሁሉም አይጽፍም። አንድ ሰው ግን ይጽፋል። አንባቢ ያምጡልኝ።»

«አንባቢ በሬ ነው፣ ጎትቼ የማመጣልህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚቀጥለው እትም ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ እስከዚያ ለአለቆቹ የሚያሳየው ነገር ካገኘሁለት እንደሚሞክር ነገረኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ሲጭን፣ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሁሉ አየሁ። ጋዜጣ የሚያነብ አንድም የለም። አንዲት ሴት በርበሬ ጠቅልላበታለች። የኳሱ ገጽ ነበር፤ ትንሽ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ተሳልሜ መጣሁ፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

አንባቢ የምላቸውን በወረቀት ጻፍሁ። አሥራ አንድ ሆኑ። አራቱ ሞተዋል። ሁለቱ ዐይናቸው ደክሟል። አንዷ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ናት። አንዱ የማንኩሳው ቄስ ናቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ነው ያነበቡት። አንዱ ሰይድ ነው፤ ርእሱን ያያል። ሁለት ቀሩ። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ጥሩወርቅ።

ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነው የጻፍሁት?

ከሰዓት በኋላ የጥሩወርቅን መጽሐፍ እንደገና አነበብሁ። ዐሥር የፊደል ግድፈት አገኘሁ፤ ባለፈው ስምንት ነበር። ታሪኮቹ ግን ይዘው አይለቁም። ባላዘገይ ኖሮ መስከረም ላይ ይወጣላት ነበር። ገጹን የዘጉት እነሱ ናቸው። በእሷ ላይ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ፊት ለፊት ልነግራት ይገባል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጅጋ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጥሩወርቅን ስጠይቅ ወደ ወፍጮ ቤት አመለከቱኝ። እህል ልታስፈጭ የሄደች መሰለኝ። በወፍጮው የምትፈጨው እሷ ራሷ ናት፤ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ዱቄት። ሞተሩ ሲጮህ ሌላ ነገር አይሰማም። ሃያ የሚሆን ሰው አዲስ በቆሎና ስንዴ ይዞ ተራ ይጠብቃል። አፉን የሚያንቀሳቅስ የለም። በእጅ፣ በአገጭ፣ በቅንድብ ነው የሚነጋገሩት። አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት የሌላዋን ተራ ቀደመች። ሌላዋ መዳፏን ገልብጣ ወቀሰቻት። ባለ ሻሿ ደረቷን ነካ አድርጋ ጆንያዋን ወደ ኋላ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ። አንድ ቃል አልነበረም። አይታመንም ብዬ የጻፍሁበት ይህ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን አየሁ። ሰባተኛው ገጽ፣ ሰባተኛው ገጽ፣ አሁንም ሰባተኛው ገጽ። በሊጥ ተለጥፏል። አሮጌው ቢጫ ሆኗል። ጠርዙ ላይ በእርሳስም በከሰልም ተሞነጫጭሯል። መካከል ላይ አንድ ገጽ የሚያህል ቦታ ተጠርጎ ባዶ ተትቷል።

መብራት ሄደ። ሞተሩ ሲቆም ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አጠገቤ የነበሩ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ወደ ግድግዳው ማፍጠጤን አይተው፣

«ያችን ቁጡዋን ነው የሚያነቡ?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ዘ የምትለዋን። ተራ ስንጠብቅ የቻለ ላልቻለው ያነባል። የንቡን መጽሐፍ ቀፎውን አሳስቶታል ብላ ገረፈችው። እኔ ንብ አለኝ፤ ልክ መጽሐፉ ነው። እዚያው ላይ አስጻፍሁላት።»

«ወንድ ነው እንጂ» አለች ባለ ሻሿ። «ሴት እንዲህ አትቆጣም።»

«የኔን እናት አላየሻትም» አሉ አያ ደሴ።

ጠርዙን አነበብሁ። «ዘ ቀፎ አታውቅም» ይላል።

«ባዶው ቦታስ?»

«የጥሩወርቅ ነው። የሷ መጽሐፍ ሲነገር የሚለጠፍበት። ከመስከረም ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ጋዜጣው ይመጣል፤ እንገልጣለን፤ የለም።»

ዘ. እኔ ነኝ አልሁ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ለጥሩወርቅ ሁሉንም ነገርኋት፤ መሳቢያውን፣ እርሳሱን፣ ሦስቱን ወር። ፊቷን ሳትጠርግ ሰማችኝ።

«የማይረባ ሆኖብዎት ዝም ያሉኝ መስሎኝ ነበር፣ እትየ» አለች። «ሁለተኛውን ጀምሬ ተውሁት።»

ደብተሩን እንዳትጥዪው አልኋት።

ገጹ መዘጋቱንና አዘጋጁ የአንባቢ ደብዳቤ እንደሚፈልግ ስነግራቸው ደብዳቤው እዚያው ተጀመረ። የምትጽፈው ባለ ሻሿ፣ የሚያስጽፈው ሁሉም። ሲጨርሱ እንዳርምላቸው ሰጡኝ። ስድስት ስሕተት አየሁ። አላረምሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ወደ ቡሬ መንገድ ተዘጋ። ኢንተርኔትም የለም። ስልክ ይሠራል። በአራት ሰዓት ከሰይድ ሱቅ ለዮናስ ደወልሁ።

«ጻፍ» አልሁት።

«እማማ፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ቢነግሩኝ…»

«ጻፍ።»

እንዲህ ይላል፦ «እኛ ተራ ስንጠብቅ የምናነበው ያን ገጽ ነው ኳሱ ቶሎ ያልቃል ይሄ ግን ያከራክራል ዘ ቀፎ ባታውቅም እንድትጽፍልን እንፈልጋለን የጥሩወርቅ ቦታ ባዶ ነው።»

«አራት ነጥቡ የት ላይ ነው?»

«የለውም። እንዳለ ጻፈው።»

«ቀፎ ባታውቅም የሚለው… እርስዎን አይደለም?»

«እኔን ነው። ጻፈው።»

ከዚያ ሃያ ሦስት ስም ከነአባቱ። ስምንቱ በጣታቸው የፈረሙ ናቸው። «የጣት አሻራውን ምን ልበለው?» አለ። «የጣት አሻራ በለው» አልሁ።

ሲጨርስ ስሞቹን ቆጠረ። ቀጥሎ ስለ ጥሩወርቅ የጻፍሁትን በስንት ቃል ላሳጥረው እንደምችል ጠየቀኝ። ከእህል ዋጋው ዝርዝር ሥር መዳፍ የምታህል ቦታ አለቆቹን ይለምናል። ቃል አልገባም። ገጹ ይመለሳልም አላለም። በመቶ ሃያ አልሁት፤ እዚያው ቆሜ ቆረጥሁ። መጀመሪያ የወጣችው የ«አይታመንም» ዓረፍተ ነገር ናት። ሰይድ ቆጠረልኝ፤ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ያንኑ ለዮናስ በስልክ አስጻፍሁት።

ወደ ጅጋ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ ያችን ዓረፍተ ነገር አስቀርቼ ሙሉውን ጽሑፍ በትልልቅ ቁም ጽሕፈት ገልብጬ በሚኒባስ ላክሁላቸው። ጋዜጣው ባያወጣው እንኳ ባዶው ቦታ ይሞላል። ከሥሩ ዘውዲቱ አስረስ ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከዮናስ ወሬ የለም፤ ሁለት ጊዜ ደወልሁ፣ ዝግ ነው። መጻሕፍቴን ሁሉ ከመደርደሪያ አወረድሁ። መልሼ ደረደርሁ። አንዱ ተገልብጦ ገብቷል፤ እንደገና ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ብጣሽ ወረቀት አመጣልኝ። የዱቄት ጣት አርፎበታል።

«እትየ ዘውዲቱ፣ ደርሶናል። ከባዶው ቦታ ጎን ለጠፍነው። ባዶውን ግን ለጋዜጣው ትተነዋል፤ ማንም እንዳይነካው ብለዋል አያ ደሴ። የሁለተኛውን ደብተር ትናንት ማታ አወጣሁት። ጥሩወርቅ።»

ሁለቴ አነበብሁት። ግድፈት አልፈለግሁበትም።

ነገ ሰኞ ነው፤ መንገዱ ከተከፈተ ጋዜጣው ይመጣል። ሰይድ ሱቁን የሚከፍተው በሁለት ሰዓት ነው። እኔ በአንድ ተኩል እዚያ ነኝ።