ትራፊ ያልኩት ሱፍ

ይድረስ ለታላቄ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደረጃ አታብዢ ብዬሽ ነበር፤ መቼም እኔን አትሰሚም። ልጆቹን ሳሚልኝ። እኔ አካሌ ደህና ነው። አንቺን የማይበት ፊት ግን አጥቻለሁ፤ በስልክ መናገር ፈርቼ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

የእማዬን አረንጓዴ ሹራብ ብል በላው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ብል አልነካውም። የበላሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን አዳራሽ እየተሰበሰብን፣ ከየቤታችን በተራረፈ ክር ለአረጋውያን መጦሪያው ሻርፕ እንሠራለን። የምትመራን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ «ድሮ በመርፌ አስለቅስ ነበር፣ አሁን በመርፌ አሞቃለሁ» እያለች ታሳስቀናለች። ደንቧ አንድ ነው፦ ክር አይገዛም፣ ትራፊ ብቻ። አንድ ቀን ክሩ አለቀና፣ ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ «እኔ ቤት ሞልቷል» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ቤቴ የነበረው ካልሲ እንኳ የማይወጣው ቁራጭ ቀይ ክር ነው። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ሹራቡ እማዬ ካረፈች ጀምሮ በመሳቢያዬ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። የመጨረሻ ሥራዋ ነው። በየዓመቱ የምትሠራው ላንቺ ስለነበር ያንቺ ነው ተባለ፤ አንቺም «ስመጣ እወስደዋለሁ፣ አደራ» አልሽ። እኔ ዘርግቼ እንኳ አላየሁትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ ሊያየው አይወድም ነበር። አብሬያት የኖርኩ እኔ፣ ያስታመምኳት እኔ፣ ሹራቡ ለቀውላላዋ! ሳልሳሳ ስፌቱን ፈታሁ። ጀርባውን፣ ደረቱን፣ አንዱን እጅጌ ተረተርኩት። የተተረተረ ክር እንደ ከርዳዳ ጸጉር ይጠቀለላል፤ እንዳይታወቅብኝ አጥቤ፣ እንዲቃና ጫፉ ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንጠልጥዬ አደረቅኩት። ነርሷ ዳሰሰችውና «ይሄ እንኳ ትራፊ አይመስልም» አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ትራፊ ነው» አልኳት። የእናቴን የእጅ ሥራ ትራፊ አልኩት፣ እታለም።

አራት ሻርፕ ወጣው፤ ወስደን አከፋፈልን። ወዲያው አንቺ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ብለሽ ደወልሽ። ደነገጥኩና የብሉን ወሬ ፈጠርኩ። አንቺ ደግሞ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አልሽኝ። ምነው በሰደብሽኝ ኖሮ!

ማክሰኞ ዕለት ለልዋጭ አራት ሻርፕ ገዝቼ፣ አረንጓዴዎቹን ልለምን መጦሪያው ሄድኩ። በመጀመሪያ ያገኘኋቸው ባልቴት ሻርፑን አንገታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሰው ለእሳቸው ብሎ በእጁ የሠራው ነገር ሲደርሳቸው በዕድሜያቸው የመጀመሪያው መሆኑን ነገሩኝ። እኔም እንደሳቸው ነኝ ልላቸው ምንም አልቀረኝ። ሻርፑን ይመልሱልኝ ማለቱን ተውኩት። የገዛኋቸውንም እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ፣ ያልተተረተረውን አንድ እጅጌ ልልክልሽ አወጣሁት። ቢያንስ የእጇን ሥራ ታይዋለሽ ብዬ ነው። ከመጠቅለሌ በፊት እንዲያው ክንዴን አስገባሁበት። አንቺ ክንድሽ ረጅም ነው፤ የኔን ልብስ ስትለብሺ እጅጌው ክርንሽ ሥር ይቀር እንደነበር፣ እማዬም እንዴት ትስቅብን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ልክሽን በቃሏ ታውቀው ነበር፤ አንድም ቀን አሳጥራብሽ አታውቅም። እጅጌው የእጄ አንጓ ላይ መጥቶ ልክ አለ። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው፤ ላንቺ ያጥር ነበር።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እጅጌውን አልላክሁልሽም። ስትመጪ አንቺም ለኪው፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ፤ ዝም ብቻ እንዳትይኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ፣ ድንክዬዋ