አዙራችሁ ቁሙ

ጅማ፣ መጋቢት 2006 ዓ.ም.

ልጄ ናዝራዊት፣ እግዜር በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይመችሽ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል፤ የሰፈራችን የአወቱ መንደራ አቧራ በር አያስከፍትም።

አጎትሽ ሰብስቤ አጋሮ ማሳው ላይ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ወጣ። ንቦቹን በጭስ ሲያባርር ከችቦው ፍም ወደቀና ደረቁ ሣር ተያያዘ። ጎረቤቶቹ «ኮታ፣ ኑ» እየተባባሉ ተሰብስበው በእርጥብ ቅጠል ደብድበው አጠፉት። ጥቂት የቡና እግር ተለበለበ እንጂ ሰው አልተጎዳም። እኔም እዚያው ነበርኩ። ነፋሱ ከጀርባዬ ስለነበር እሳቱ ወደ እኔ አይመጣም ብዬ ቆሜ ሳይ፣ ድንገት ዞሮ የነጠላዬን ጫፍ በላው። እሳት ሲበረታ የራሱን ነፋስ ያመጣል ያልሽኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ያለሽበት የአውስትራሊያ እሳት ጠባይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የደን እሳት ጭስ ውስጥ ያለውን ነፋስ መኪና ላይ በተጫነ ራዳር ከሩቅ ነው የምናጠናው ብለሽኛል። እሺ። ግን በላክሽው ፎቶ ላይ የመኪናው መስታወት አመድ ለብሷል፤ አፍንጫውም ወደ ጭሱ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአጋሮን ቡና ሲያመላልስ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ምንም ቢደክመው መኪናውን ወደ መውጫው ሳያዞር ሞተር አያጠፋም ነበር።

ሥራሽን ተዪ አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝም። ነፋሱን የሚያዝዘው ጌታ ከፊትሽ ይቅደም። ብቻ ስትቆሙ አዙራችሁ ቁሙ። ሌላ ፎቶ ስትልኪ ያንቺ ፊት ባይኖርበትም ግድ የለም፣ የመኪናውን አፍንጫ አሳዪኝ።

እናትሽ ሸዋረገጥ