ያላየሁት ቃጫ

ሰኞ

የህንድ እንግዶቹ ረቡዕ ይመጣሉ! «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ወር ስላለፈ ማመን አቁሜ ነበር። የህንድና የእኛ መንግሥት ንግዱንና ኢንቨስትመንቱን አብረው ሊያጠናክሩ ከተስማሙ በኋላ ዞኖች ምርታችሁን አስተዋውቁ ተባሉ። እኛ ከዞኑ ንግድ መምሪያ የላክነው የእንሰት ቃጫ ነው። የማስተዋወቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እንግዶቹ አራት ናቸው፣ ከጆንያና ከገመድ ፋብሪካ። ከወደዱት የመስቃን ሴቶች ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደላላ ይሸጣል።

የሚሠራ፦ አዳራሽ ማስጠረግ። የህንድ ባንዲራ (ቡታጅራ ውስጥ ከየት ይገኛል?)። ሥጋ የማይበላ ስንት እንደሆነ መጠየቅ።

ፕሮግራሙ ላይ «ሴቶቹ እንሰት ፍቀው ቃጫ ሲያወጡ ለአንድ ሰዓት መመልከት» ብዬ ጨመርኩ። ኃላፊዬ አቶ ደምሰው «ፕሮግራም ማለት ይሄ ነው!» አሉኝ። እሳቸው ሰው የሚያመሰግኑት በዓመት አንዴ ነው፤ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

ጠዋት የማኅበሩን ሊቀመንበር እትዬ ራህመትን ላሳውቃቸው መንደራቸው ሄድኩ። «ቆሞ የሚያየን ማነው?» አሉኝ። እንግዶቹ፣ ኃላፊው፣ እኔም አልኩ። ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ስንት ዓመትህ ነው?»

«አራት።»

«በአራት ዓመት አንድም ሰው አልነገረህም? እኛ ዘንድ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አጠገቧ አይደርስም።»

ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ከየት ያውቃል? ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ሰበብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቆጮውን ከክትፎ ጋር ስጎርስ ማን ፋቀው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የባሰው ደግሞ፣ ስለ አመራረቱ በጽሑፌ ላይ ያሰፈርኩትን ሁሉ የገለበጥኩት ከእኔ በፊት ከነበረው ባለሙያ ፋይል ነው። እሱም ወንድ ነበር። እሱስ ከማን ገለበጠ?

አቶ ደምሰው «ለአንድ ሰዓት ይታገሡ በላቸው፣ የአገር ጉዳይ ነው» አሉ። መልእክቱን ሄጄ አደረስኩ። እትዬ ራህመት አልተቆጡም። «እንግዳ ክብራችን ነው። ቤቴ ገብተው ይብሉ። ጓሮ ግን አይገቡም» አሉ።

ረቡዕ

መጡ። ሦስት ወንዶችና ሱኒታ የምትባል ወጣት ሴት። ጸሐፊያቸው መስላኝ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ለካ ቃጫውን መርምራ ይገዛል አይገዛም የምትለው እሷ ናት! አፈር ልብላ።

መንደሩ ስንደርስ እትዬ ራህመት ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ወንዶቹን ቤት አስገብተው አስቀመጡ። የሱኒታን እጅ ግን ይዘው በቀጥታ ወደ ጓሮ። የእንግሊዝኛ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ኑሪያ ለማስተርጎም ተከተለቻቸው። እኛ ጎመንና አይብ እየበላን አቶ ደምሰው ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት አወሩ። እኔ ጆሮዬ ጓሮ ነበር። የመፋቂያው ድምፅ ይሰማል፣ መሀል ላይ ሳቅ። አንድ ሰዓት ያልኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ሱኒታ እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ቆጮ ቆጮ እየሸተተች መጣች። ጽሑፌን አውጥታ ጠየቀችኝ። «እዚህ በየወሩ ቃጫ ይቀርባል ይላል። ሴቶቹ በየወሩ አንፍቅም አሉኝ። የቱ ነው ትክክል?»

አቶ ደምሰው በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ።

«የሴቶቹ» አልኩ። «እኔ የጻፍኩት ሳላይ ነው።»

ሐሙስ

አቶ ደምሰው ሰላምታዬን አልመለሱም። ኋላ ጠርተው «አገር አዋረድክ» አሉኝ። ዝውውር ይሆን? ማስጠንቀቂያ? ለራሴ ፈራሁ፣ ከዚያ በላይ ግን ገበያውን ያሳጣሁት ሴቶቹን መስሎኝ ከፋኝ።

ከሰዓት እትዬ ራህመት ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «እንሰት ስንት ዓመት ጠብቀን ነው የምንነቅለው» አሉኝ። «ለእነሱ ብለን በየወሩ ብንነቅል ልጆቻችን ምን ይበላሉ? እውነቱን በመናገርህ አትዘን። ገበያውን ግን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽህም።» የመጨረሻዋ ቃላቸው እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ተመለስኩ።

ዓርብ

ከአዲስ አበባ ተደወለ! እንግዶቹ ለሙከራ ይገዛሉ፣ ሴቶቹ በሚፍቁበት ወቅት፣ ሴቶቹ በሚሉት መጠን። ጽሑፉ ግን እንደ አዲስ ይጻፍ ብለዋል። አቶ ደምሰው ስብሰባ ላይ «እኔም ስል የነበረው ይህንኑ ነው» አሉ። ሳቄን ዋጥኩ።

ወረቀቱን ይዤ መንደር ወረድኩ። ሴቶቹ ጓሮ ተሰብስበው ሲናገሩ ኑሪያ ጻፈች፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የእኔ የአመራረት ክፍል አራት መስመር ነበር። የእነሱ ሦስት ገጽ ሆነ።

አቶ ደምሰው አገላብጠው አዩት። «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ የማኅበሩ ስም አለ። «ያንተ ስምስ?» አሉኝ። ታች አሳየኋቸው፣ «አድራሽ» በሚለው ፊት።

እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ። ሙከራው ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ሦስቱን ገጽ ግን ቤት ወስጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩ።