የልጆቹ ራጅ ይቆይ ብዬ ቀረሁ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ ደህና ናቸው? አባባስ እንዴት ናቸው፤ እህል ይቀምሳሉ ወይስ አሁንም የሚበሉት ኩርፊያቸውን ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሌላው ሌላው እያደር ይወጣልና ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ቤታችን ለመንገዱ ሊፈርስ መሆኑን፣ ዕቃው ሁሉ ተሸክፎ አባባ ብቻ «ልጄ ሳይመጣ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም» ብለው መቀመጣቸውን የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። እመጣለሁ ብዬሽም ነበር። አልመጣም፣ እታለም። ከሌላ ሰው ሰምተሽ «ሀገሩ ጣመው» እንዳትዪ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የምሠራው ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ኮምፒውተሮቹ እንዳይግሉ ቀኑን ሙሉ ብርድ ይለቀቅባቸዋል፤ እነሱ ሲቀዘቅዙ እኔ ካፖርት ለብሼ እጄን አሻሻለሁ። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው ከሚገባው ሰው ጫማ ነው። ሥራዬ የበሽተኞቹ ራጅና የሕክምና ታሪክ ድንገት ቢጠፋ የሚተካ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በቀደም አንድ ቧንቧ ፈንድቶ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ገባና የሳምንት ራጅ ይዞብን ሄደ፤ ሕመምተኞቹም እንደገና እንዲነሱ ተጠሩ። አንድ ሽማግሌ ደረታቸውን ለማሽኑ እየሰጡ «የፊተኛውን ለማን ሰጣችሁት?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና የትኛው ቅጂ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ፣ ለዚያስ ስንት ዲስክ ይበቃል፣ ዕቅድ አውጣ፤ ስትጨርስ የእረፍት ፈቃድህን እፈርምልሃለሁ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እመጣለሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ያኔ ነው።

ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ጠየቅሁ። የራጅ ሐኪሙ ሁሉም ለዘላለም ይቀመጥ አለኝ። የሒሳብ ሹሟ ደግሞ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ለዘላለም ማለት በዓመት ስንት ያወጣል አለችኝ። በሁለቱ መሀል እኔ ገባሁ። የየዕለቱን ቅጂ ሁለት ሳምንት፣ የየሳምንቱን ሁለት ወር፣ የየወሩን አንድ ዓመት፣ የልጆችን ራጅ ግን አድገው ሰው እስኪሆኑ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቦታውን መገመት መጣ። አዲሱ ማሽን የአንድ ሰው ሆድ ሲያነሳ አሮጌው ማሽን መንደር ሙሉ ሰው ሲያነሳ የሚበላውን ያህል ቦታ ይበላል። በየዓመቱ የሚጨምረውን ደምሬ ሳየው ካሰብነው እጥፍ ሆነ። ቅጂዎቹን ወደ ሌላ ሕንፃ የሚያመላልስ፣ በትክክል መመለሳቸውንም የሚሞክር ሁለተኛ ባለሙያ ይቀጠር ብዬም ጻፍኩ። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ ያለን በጀት ወይ ዲስኩን ወይ ሰውዬውን ነው የሚችለው አለና ሁለተኛውን ባለሙያ ሰረዘው። ሰው ከሌለ ደግሞ የምተካው እኔው ራሴን ነኝ፤ ፈቃዱም አብሮ ተሰረዘ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ፊቴን ሲያይ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ በሩን ዘጋና፦

«የልጆቹን ወደ ሁለት ዓመት አውርደው። ሰውዬውን እቀጥራለሁ፤ አንተም በሚመጣው ሳምንት አባትህ ዘንድ ትሆናለህ» አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ የልጆች አጥንት ሐኪሟ ዘንድ ወጣሁ። አንዲት ጀርባዋ የጎበጠ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሐኪሟ የልጅቷን ራጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጎን ለጎን ደርድራ አጥንቷ የቱ ዘመን ላይ እንደዘመመ ታያለች፤ በቀዶ ሕክምና ይቃናል ወይስ ይጠበቃል የሚለውን የምትወስነው በዚያ ነው። የሁለት ዓመቱ ብቻ ቢኖርሽስ ብዬ ጠየቅኋት።

«እንግዲያውስ በግምት ነዋ የምቀድዳት» አለችኝ፣ ዞር ብላም አላየችኝ።

ወደ ምድር ቤት ወርጄ «ሁለት ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። አባባ በባዶ ቤት ጥቅልል ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል፤ ልጅቷም እግሯን ስታወዛውዝ ትታየኛለች። በመጨረሻ እንደነበረው አድርጌ ፈረምኩና ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ «ልብህ ያውቃል» ብሎ ተቀበለኝ።

ለምን ጥለህ አትመጣም ትይኝ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ ከወጣሁ መመለስ የለም፣ ማሽኖቹንም የሚረከበኝ የለም። እግር ከወርች ታስሬያለሁ፣ እታለም። እስር ቤት እንኳ ቢሆን የሚፈቱበት ቀን ይነገር ነበር።

እሑድ ስደውል ስልኩን ለአባባ ስጪልኝ ያልኩሽ ይህንኑ ልነግራቸው ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጆቹንም፣ ዕቅዱንም። ሰሙኝና «ልጆቹን ታውቃቸዋለህ?» አሉኝ። አላውቃቸውም አልኳቸው። ከዚያ ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ የአንቺ ነው። አንቺም እሳቸው አጠገብ ስለነበርሽ ነው መሰለኝ ቶሎ ዘጋሽው። ስልኩን ከመለሱልሽ በኋላ ምን አሉ? ክፉም ቢሆን ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። አሁን ግን እኔን አትጠብቁ። ዶዘሩ ደጃፍ ሳይደርስ ባልሽና አንቺ በልመናም በቁጣም ብላችሁ አውጧቸው። ጥፋቱን በእኔ አላክኩት፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እችለዋለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ያን ሁሉ ዕቃ ብቻውን መሸከሙን ሰምቻለሁ፣ ውለታው አለብኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ሳሚልኝ። ትንሹን ልጅሽን ድቡሼንም ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፣ አሁንም ጉንጭ ካለው። አክስታችንን የምርቃት ድምፅዎ ናፍቆኛል በያቸው። ለአባባ ሰላምታዬን ጠጋ ብለሽ በጆሯቸው ንገሪልኝ። መልስ ካልሰጡሽ አትጎትጉቻቸው፤ ልጅዎ ነው የላከው ብለሽ ብቻ ተያቸው።

ወንድምሽ

ከምድር ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ