ኩርፊያ በካርታ ላይ አይታይም

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉም በላይ ጆሮዎ እንዴት ነው? ጆሮዎን የጠየቅሁት ባለፈው በስልክ ስለ ወንዙ ሳነሳብዎ «አይሰማም፣ ይቆራረጣል» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ ነው፤ ምሳ በልተዋል ወይ ስልዎ ግን ጥርት ብሎ ይሰማዎ ነበር። ደብዳቤ አይቆራረጥምና በዚህ መጣሁ። የእማዬ እግርስ እንዴት ሆነ? ከወንበር ስትነሳ አሁንም ግድግዳ ትይዛለች? እህቴ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ሳትዘዪ አንብቢ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከመወፈሬ በቀር የደረሰብኝ ነገር የለም።

ሥራዬን ያውቁታል። ባልዲ ፋብሪካው ውስጥ የሚያስፈልገው ሁሉ በሰዓቱ መድረሱን የማየው እኔ ነኝ፤ ፕላስቲኩ፣ ቀለሙ፣ የማንጠልጠያው ሽቦ። አንዱ ከቀረ ሥራ ይቆማል፤ ሥራ ሲቆም ሥራ አስኪያጁ ይጮሃል፤ እሱ ሲጮህ የሚንቀጠቀጠው የእኔ ጠረጴዛ ነው። ዘንድሮ «ማንጠልጠያ ካንድ ሰው ብቻ አትግዛ፤ አንዱ ቢያጥረው ሌላው ይድረስልን» አለኝ። እውነቱን ነው። ሦስት ሻጮች አገኘሁ፤ አንድ ባለ ሪዝ ነጋዴ፣ በልጆቿ የምትምል ሴትዮ፣ ከፈገግታ በቀር ቃል የማያወጣ ወጣት። ባለ ሪዙ ዕቃውን በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልሎ ይልካል፤ ሴትዮዋ በነጭ፣ ወጣቱ በጥቁር ፕላስቲክ። «የሰማያዊው ሽቦ ይጠነክራል» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ያላስረዳሁት ሰው የለም።

በዚህ መሃል ከውሃ መሥሪያ ቤት አንዲት መሐንዲስ መጣች። ሥራዋ ወንዙን ተከትላ እየሄደች ጎርፍ የሚደርስበትን ቦታ በካርታ ላይ ማቅለም ነው፤ ቀይ የሚጥለቀለቅ፣ ቢጫ የሚያሰጋ፣ አረንጓዴ የሚተርፍ። በየደጁ ቆማ «ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ትላለች። አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን፣ ሌላው ደረቱን ያሳያታል፤ ደረቱን ያሳያት አጭር ከሆነ ቁመቱን ትለካዋለች። ፋብሪካችን አረንጓዴ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ካርታውን እንደ ዲፕሎማ ሊሰቅለው ምስማር ሲፈልግ እሷ ወደ እኔ ዞራ «ዕቃችሁስ ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ሦስቱን ሻጮች በኩራት ዘረዘርኩላት። «ቢሯቸውን አልጠየቅሁህም፤ ሽቦው የሚታጠፈው የት ነው?» አለች። አላወቅሁም።

አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ባለ ሪዙን ተከትዬ ወንዙ ዳር፣ ውሃው በሚጠመዘዝበት ቦታ አንድ የቆርቆሮ ግቢ ደረስኩ። በማግስቱ ሴትዮዋ እዚያው ግቢ ወሰደችኝ። ወጣቱ መንገዱን ሊያሳየኝ ሲነሳማ እኔው ቀድሜው ሄድኩ። ውስጥ አንድ ሽቦ አጣፊ ካንድ ማሽኑ ጋር ተቀምጧል። «ዛሬስ የማንን ልታይ መጣህ?» አለኝ። የሰማያዊው ይጠነክራል ወይ ብዬ ብጠይቀው «ወረቀቱ ይጠነክራል» ብሎ ሳቀብኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አራተኛ ሻጭ ፈልግ!» አራተኛው ሳይገኝ ያልታሰበ ዝናብ ወረደና ወንዙ ግቢው ውስጥ ገባ። ሽቦ አጣፊው ማሽኑን ይዞ ዳገት ወጣ፤ ነፍስ አልጠፋም፤ ማንጠልጠያው ግን ከነሰማያዊ ወረቀቱ ሄደ። እኛ ማንጠልጠያ የሌለው የባልዲ ክምር ታቅፈን ቀረን። ቤቱ ውሃ የገባበት ሁሉ ደግሞ ባልዲ ፍለጋ በራችን ላይ ተሰለፈ። እንዳለ ሸጥንላቸው። አንዲት እናት «ይኼ ምኑ ባልዲ ነው? ማንጠልጠያው የታለ?» ብለው ቢቆጡ ዘበኛችን «እትዬ፣ ቤትዎ የገባው ውሃስ ማንጠልጠያ አለው?» አላቸው። እየሳቁ በያንዳንዱ ክንዳቸው አንድ አንድ ታቅፈው ሄዱ፤ መንታ የወለዱ ይመስል።

ያን ቀን እርስዎ ትዝ አሉኝ። «ወንዙ ቢሞላ መሸሻ አላጣም፤ እህቴ አለች፣ የወንድሜ ልጅ አለ፣ አናጢው ወዳጄ አለ» ይላሉ። መሐንዲሷን ለመንኳት፤ የእኛንም ቀዬ ወንዝ ባልደረቦቿ ቀደም ብለው አቅልመውት ኖሮ ካርታውን ዘረጋችልኝ። ሦስቱም ቤቶች አረንጓዴ ናቸው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ጣቷን አሮጌው የእንጨት ድልድይ ላይ አሳረፈች፤ ደም የመሰለ ቀይ። ወደ ሦስቱም የሚያሻግረው እሱ ብቻ ነው። አባዬ፣ እርስዎ ሦስት መሸሻ ቆጥረዋል፤ ወንዙ የሚቆጥረው አንድ ድልድይ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ቢጫ ነው። እርስዎ ሮጠው ቢያመልጡ እንኳ እማዬን በዚያ እግሯ ማን ያሻግራታል? ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ድልድይ ሳይሻገሩ የሚደረስበት አረንጓዴ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የልብስ ሰፊው። «እዚያስ አይሆንም፤ አባቴና እሱ አይነጋገሩም» አልኳት። «ኩርፊያ በካርታ ላይ አይታይም» አለችኝ።

በእህቴ ሰርግ ሱሪዎን አሳጥሮ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚትዎን ለዘመድ እንዳስጎበኘ አልረሳሁም። ቢሆንም ደወልኩለት። እሱም እስከ ዛሬ «ስለካው ጉልበቱን አጥፎ ቆሞ ነበር» ነው የሚለው። ተከራክሮ ሲደክመው «ይምጣ፤ ቀድሜ ሰላም ግን አልለውም» አለ። የኋላ ክፍሉን አስጠርግልኝ ስለው ግን «ምኑን ነው የማስጠርገው? እናትህ የእንግዳ ፍራሹንና ድስቷን ካስገባች ሰነበተ፤ አሁን ከሚስቴ ጋር መጋረጃ እየመረጡ ነው» አለኝ። እህቴን እዚህ ላይ ሳል ከያዛት አይደንግጡ፤ ፍራሹን የተሸከመችው እሷ ናት።

እንግዲህ አባዬ፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ይውጡ። የሚሸከሙት የለም። ከዚያ ቤት ሳይጓጓዝ የቀረው ዕቃ እርስዎ ብቻ ነዎት።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ። እህቴን ከሳሏ ይማርልኝ። ፍራሽ በፊቱ ሲያልፍ ከጋዜጣው ቀና ላላለው ባሏ ምስጋናዬ ይድረሰው። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ፤ ከረሜላ በሰው እልካለሁ። ለልብስ ሰፊውም የከበረ ሰላምታ አለኝ፤ እሱን ግን ሌላ ሰው አያድርስልኝ፤ እርስዎ ራስዎ በቃልዎ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ

ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ፣ ግንቦት ፳፪